አባባ ተስፋዬና የጃን ሜዳ ፈረሶች

ከጃን ሜዳ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣው መንገድ ዳር ላደግን የ1970ዎቹ ልጆች፣ ከትምህርትና ከመላላክ የተረፈው ጊዜያችን የሁለት ነገሮች ነበር፦ የአባባ ተስፋዬ ተረትና የጃን ሜዳ ፈረስ። አንዱን ጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተደርድረን፣ ሌላውን አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። አባባ ተስፋዬን ዛሬም አገር ሙሉ ያነሳቸዋል፤ ስማቸው ሲጠራ የስንቱ ትልቅ ሰው ፊት ሲፈካ አይቻለሁ። የጃን ሜዳን ፈረስ የሚያነሳ ግን እየጠፋ ነው። ይህ ስለሚቆጨኝ ነው ሁለቱን አንድ ላይ ልጽፋቸው የተነሳሁት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ስቱዲዮ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ጣቢያው ሃያ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም። ሆኖም በእኛ መንደር ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ዘንድ። አራት እግር ያለው፣ ግራና ቀኝ የሚከፈት በር የተገጠመለት የእንጨት ሣጥን ነው። በላዩ እትዬ ራሳቸው በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ይነጠፋል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል። የሣጥኑ ቁልፍ ከመቀነታቸው አይለይም። "እግራችሁን ታጥባችኋል?" ይላሉ በሩ ላይ ቆመው፤ ያልታጠበ ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ አንቴናውን ሊያዞር ጣሪያ ላይ ይወጣል።

"መጣ?"

"አልመጣም!"

"አሁንስ?"

"መጣ፣ መጣ! ኧረ ሄደ! ወደ እንጦጦ መልሰው!"

ጎረምሳው ቆርቆሮውን እያንኳኳ ሲወርድ ውስጥ ያለነው ልጆች ቦታ ይዘን ጨርሰናል። መደበኛ የቀለም ስርጭት የመጣው ኢሠፓ በተመሠረተበት በ1977 መባቻ ነው ይባላል። የእትዬ ሣጥን ግን ስላልተቀየረ እኛ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያየነው ጥቁርና ነጭ ነው። የአባባ ተስፋዬ ካፖርት ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለመገመት ስንከራከር ውለን እናድር ነበር።

አባባ ተስፋዬ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች!" ሲሉ መልሱን ከሣጥኑ ውጭ ያለነው በአንድ ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፣ ምትሃት ያሳያሉ፣ ተረት ይቀጥላሉ። የተረቱን እንስሳ የሚያሳይ ሥዕል ወይም አሻንጉሊት አላስፈለጋቸውም፤ አያ ጅቦም፣ እመት ጦጣም፣ አያ አንበሶም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ለጅቡ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ቀብረው ድምፃቸውን ያጎረንናሉ። ለጦጣዋ ከንፈራቸውን ሰብሰብ፣ ዓይናቸውን ገርበብ ያደርጉና ንግግሩን ያፋጥኑታል። እኔ የእመት ጦጣ ወገን ነበርኩ። ጉልበት ሳይኖራት ዘዴ አታጣም፤ አያ ጅቦ ዐሥር ጊዜ ሊበላት መጥቶ ዐሥር ጊዜ ጦሙን ያድራል። ታላቅ ወንድሜ የአንበሳው ወገን ስለነበር ተረቱ ካለቀ በኋላ እስከ እራት ድረስ እንጣላለን።

ይህን ችሎታ አባባ ተስፋዬ ከመድረክ ያመጡት ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ባሌ ተወልደው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ሲጫወቱ የኖሩ የቴያትር ሰው ናቸው። ሠራዊቱን ለማዝናናትም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደዋል። የልጆችን ክፍለ ጊዜ ከጣቢያው መጀመሪያ አንስቶ እስከ 1998 ድረስ፣ አርባ ሁለት ዓመት መሩት። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ሲያርፉ የቀበራቸው ሕዝብ አያትም፣ አባትም፣ ልጅም አንድ ላይ የሳቁላቸው ሕዝብ ነበር።

ቃኘው የሚለው ስም ደግሞ ወደ ሁለተኛው ፍቅሬ ይወስደኛል። ሻለቃው የተሰየመው በፈረስ ስም ነው፤ በዓድዋው ጀግና በራስ መኮንን ፈረስ። ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በወጣትነቱ በባልደራስ፣ በቤተ መንግሥቱ ፈረስ ቤት፣ ፈረስ ሲያሽ፣ ሲያለማምድ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ የኢትዮጵያ ታሪክ የፈረሶች ታሪክ ነበር፤ ሰውየውን ከሚጠራ ይልቅ ፈረሱን ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስን "አባ ታጠቅ"፣ ዐፄ ዮሐንስን "አባ በዝብዝ"፣ ዐፄ ምኒልክን "አባ ዳኘው"፣ ራስ አሉላን "አባ ነጋ"፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን "አባ መቻል"፣ ደጃዝማች ባልቻን "አባ ነፍሶ" እያለ ሲተርክ፣ እነዚህ ሰዎች ለእኔ ከአያ ጅቦና ከእመት ጦጣ እኩል በልቤ የሚመላለሱ ገጸ ባሕርያት ሆኑ። አባ ነፍሶ ምን ዓይነት ፈረስ ነበር? ዳማ? ቡላ? ነጭ አምባላይ? አጎቴ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረው።

ጃን ሜዳ ላይ ያለፈውን ለማወቅ አጎቴ ብቻ ምስክር አይደለም። በጥቅምት 1909፣ ከሰገሌ ጦርነት በኋላ፣ ድል ያደረገው ሠራዊት በዚያ ሜዳ ተሰልፎ አልፏል፤ ምርኮኛው ንጉሥ ሚካኤል፣ አባ ሻንቆ፣ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። ያን ሰልፍ ቆመው ካዩት ሰዎች መካከል አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ኃላፊ ልጅ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር። አድጎ የታወቀ ተጓዥና ጸሐፊ ሲሆን፣ የፈረሰኞቹ ጎርፍ፣ የጎፈራቸውና የጋሻቸው ውበት ዕድሜውን ሙሉ እንዳልለቀቀው ጽፏል። እኔም ያን ስለማውቅ አልፈርድበትም፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ የገባ ፈረስ አይወጣም።

በዘውዱ ዘመን ሜዳው የፈረስ ውድድር ሜዳ ነበር። የየሌጋሲዮኑ ሰዎችና የአገሬው ጋላቢዎች ይሽቀዳደሙበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው ይሸልሙበታል። ከ1966 በኋላ ያ ድምቀት ቀዘቀዘ። እኔ የደረስኩት በትርፍራፊው ላይ ነው፦ ጠዋት ጠዋት ፈረስ ሊያሟሙቁ የሚመጡ ጥቂት ሽማግሌዎች፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከሱሉልታና ከሰላሌ በኩል የሚወርዱ ባለ ግላስ ፈረሶች። ትርፍራፊውም ለእኔ በቂ ነበር።

ጉግስ ከሽቅድድም ይለያል፤ ልዩነቱን ያስተማረኝም ያው አጎቴ ነው። በሽቅድድም ፈረስ ይሮጣል፣ ያሸነፈ ያሸንፋል። በጉግስ ግን አንዱ ወገን እየሸሸ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድደዋል። ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ የሚወረወረውን ዘንግ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል፣ የሸሸው ያሳድዳል። እጁ አንዱ በጋሻ፣ አንዱ በዘንግ ስለተያዘ ፈረሱን የሚመራው በጭኑና በተረከዙ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ሽማግሌ እግር ላይ አጎቴ ጣቱን ቀሰረልኝ፦ ጫማ የለም፣ እርካቡም እንደ ዛሬው ሰፊ አይደለም፤ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ያ ሽማግሌ በሁለት አውራ ጣቱ ቆሞ፣ ከወገቡ ተጠማዞ ዘንጉን ሲመክት አየሁት። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ያየሁት የትኛውም ፈረሰኛ ያን ያህል አላስገረመኝም።

አሁን ወደሚቆጨኝ ልምጣ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ተረትን ይገድለዋል ብለው የሰጉ ሰዎች ነበሩ። አልገደለውም፤ ምክንያቱም አባባ ተስፋዬ እሳት ዳር ይነገር የነበረውን ተረት ይዘው ካሜራ ፊት ተቀመጡ። ከእሳቸው በኋላም በ1999 መስከረም በቴሌቪዥን የጀመረችው ቀጭኔዋ ፀሐይ በኢትዮጵያ ልጆች ቋንቋ ወደ ኢትዮጵያ ልጆች ቤት ገብታ ተወደደች፣ ከአገር ውጭም ተሸለመች። ተረት ወራሽ አላጣም። የጃን ሜዳ ፈረስ ግን ካሜራ ፊት ተቀምጦ የሚነግርለት አላገኘም። ፈረስ በዜና ላይ የሚታየው በበዓል ቀን፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ከታቦቱ ፊት ሲያልፍ ነው። ጋላቢው ማን እንደሆነ፣ ፈረሱ ከየት እንደመጣ የሚነግረን የለም።

ሜዳው ራሱም ብዙ ተጎሳቁሏል። በ2012 ሚያዝያ፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሽንኩርትና ጎመን ሲራገፍበት ከርሞ ጭቃና ብስባሽ ሆነ፤ ለ2013 ጥምቀት ሲጸዳ የሰፈራችን ወጣት አካፋ ይዞ ወጥቷል። እኔም ከዚያ መካከል ነበርኩ።

ለፈረስ ክብር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እንጅባራ ይሂድ። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ጉግሱም፣ ሽምጡም፣ ሽርደዳውም ሕያው ነው። ልጆቹ ገና ሳይጎረምሱ ኮርቻ ላይ ይወጣሉ፤ የየቤቱን ፈረስ በስም ያውቃሉ። አዲስ አበባ ይህን ከአገው መማር አያሳፍራትም።

አጎቴ ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው ጥምቀት ግን ከእሱ ጋር በባልደራስ የሠሩ አንድ አዛውንት አገኘሁና ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንዲያወሩኝ ለመንኳቸው። ስለ ዋንጫ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ የጀመሩት ከግርግሙ ነው፤ ለሽቅድድም የሚታጨው ፈረስ ሣሩ እየተቀነሰ ገብሱ እንደሚጨመርለት፣ ከሩጫ በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ እንዳያገኝ ማን ማን ሌሊቱን እንደሚጠብቀው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ገና ጋላቢዎቹ ዘንድ አልደረስንም፤ ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።