ከሸንጎ እስከ ዕቃ፤ ስለ አንድ የሰሜን ኤውሮጳ ቃል

እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ «ሲንግ» ማለት ነገር ወይም ዕቃ እንደ ሆነ ያውቃል። ቃሉ ግን ቀድሞ የሸንጎ ስም ነበር። ሰዎች ተሰብስበው የሚፋረዱበት ጉባኤ እንደ ምን ሆኖ የድንጋይና የወንበር መጠሪያ ለመሆን በቃ?

በመነሻው ላይ ያለው ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣ ነው፤ ፊደላችን ስለሌለው በ«ስ» ጽፈነዋል። ድምፁን እስከ ዛሬ የጠበቁት እንግሊዝኛና አይስላንድኛ ናቸው። በስዊድን፥ በዴንማርክና በኖርዌይ «ቲንግ»፥ በጀርመንና በሆላንድ «ዲንግ» ሆኗል። ብዙ ሊቃውንት በጎቶች ቋንቋ «ጊዜ» ማለት ከነበረው ቃል ጋር ያዛምዱታል። ይህ እውነት ከሆነ የመጀመሪያው ፍች «የተቀጠረ ቀን» ነበር ማለት ነው፤ ሸንጎ የሚቆመው በቀጠሮ ነውና።

በሰሜን እንግሊዝ በሐድሪያን ግንብ አጠገብ በ1883 (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) መሠዊያዎች ተገኙ። ከጀርመን ወገን የሆኑ የሮም ወታደሮች በሦስተኛው መቶ ዓመት ያቆሟቸው ሲሆኑ፥ በላዩ የተጻፈው «ለማርስ ሲንግሱስ» የሚል ነው። የጦርነቱ አምላክ የሸንጎ ጠባቂም ነበር ብለው ብዙዎች ይተረጕሙታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወጣው የኬንት ነገሥታት ሕግ ቃሉን የሚጠራው በሸንጎ ፍቹ ነው።

ከሁሉ የታወቀው በ930 በአይስላንድ የተቋቋመው «አልሲንግ»፥ ማለት የሁሉ ሸንጎ ነው። ሕጉ ገና ባልተጻፈበት ዘመን «ሕግ ተናጋሪ» የተባለው ሹም በየዓመቱ የሕጉን ሢሶ በቃሉ ያሰማ ነበር። ስሙ የሁሉ ይሁን እንጂ ሕግ የማውጣቱ ድምፅ የባላባቶቹ ነበረ፤ ይህን ሸንጎ የዛሬ ዴሞክራሲ አድርጎ መሳል ስሕተት ይመስለናል።

የፍቹን መንገድ መከተል አያስቸግርም። ሸንጎ የነበረው ሸንጎ የሚያየው ጉዳይ ሆነ፤ ቀጥሎ ማናቸውም ጉዳይ፥ በመጨረሻም ማናቸውም ዕቃ። የፈረንሳይኛው «ሾዝ» (ዕቃ) እንዲሁ «ካውሳ» ከሚለው የላቲን የክስ ቃል ወጥቷል። የእኛው «ነገር» መነሻው ሸንጎ ሳይሆን መናገር ነው፤ ቢሆንም ክርክርንም ዕቃንም በአንድነት ይጠራል። ጠበቃን «ነገረ ፈጅ» ማለታችን ከዚሁ ነው።

እንግሊዝኛ የሸንጎውን ፍች ፈጽሞ ሲረሳው፥ የኖርዌይ ምክር ቤት ከ1814፥ የዴንማርክ ከ1849 ጀምሮ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በዴንማርክ ሁለቱን ፍቾች የሚለየው በፊቱ የሚገባው ቃል ነው፤ «ኤት ቲንግ» ቢሉ ሸንጎ፥ «ኤን ቲንግ» ቢሉ ዕቃ ይሆናል።