አራቱ ምጣዶች

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ አይስክሬም ቤት ታሪክ ላውጋችሁ። ከደማስቆ ተነሥቶ ባሕር አቋርጦ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ የምትባል የወደብ ከተማ የሚደርስ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1904 ነው። ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተከፍቷል፤ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ከሕዝቡ መሀል አቤ ዱማር የሚባል ሶርያዊ ወጣት አለ። እንጀራው ለጎብኚ የማስታወሻ ዕቃ መሸጥ ነው። እዚያው ዋፍል የሚጋግር ነጋዴ አለ፤ አይስክሬም የሚሸጥም አለ።

ቤተሰቡ ሲያወራው እንደኖረ፣ አቤ አንድ ምሽት ትኩስ ዋፍል አነሣ፤ እንደ አገሩ ቂጣ ጠቀለለና አይስክሬም ጨመረበት። ኦቾሎኒ ሻጭ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሾጣጣ ሲሠራ እያየን ላደግን ለእኛ ብልሃቱ ሩቅ አይደለም። የአቤ ጥቅል ግን ከነመያዣው ይበላል። ሳህን የለ፣ ማንኪያ የለ፣ የሚታጠብ ዕቃ የለ!

እርግጥ ነው፣ የአይስክሬም ኮን ፈጣሪ ተብሎ የሚነሣው አቤ ብቻ አይደለም። በዚያው ትርኢት ላይ የነበረው ሶርያዊው ኧርነስት ሃምዊም ስሙ ይጠራል። ኒውዮርክ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ ኢታሎ ማርኪዮኒ ደግሞ ትርኢቱ ሳይከፈት፣ በ1903 መጨረሻ፣ ለሚበላ የአይስክሬም ኩባያ መጋገሪያ ፓተንት ተሰጥቶታል። ማን እንደቀደመ የሚፈርድ ይፍረድ። የእኔን ልብ የሚይዘው ከዚያ ምሽት በኋላ የሆነው ነው።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባል የለ? አቤም ሐሳቡ ሳይበርድ ባለ አራት ምጣድ መጋገሪያ አሠራ። በ1905 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ የመዝናኛ ስፍራ ውስጥ ሱቅ ተከለ። በ1907 ደግሞ ወደ ኖርፎክ ወርዶ ኦሽን ቪው የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ውስጥ ገበያውን ዘረጋ።

ከባሕር ዳር በተገኘ ሲሳይ ላይ ግን ባሕሩም ዐይን አለው። በ1933 ክረምት ብርቱ አውሎ ነፋስ ዳርቻውን መታው፤ የዱማሮችንም ሱቅ አፈረሰው። ሌላው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። የአቤ ወንድም ጆርጅ ግን በ1934 ከባሕሩ ሸሸት ብሎ ሞንቲሴሎ ጎዳና ላይ እንደገና ከፈተ። ደንበኛ ከመኪናው ሳይወርድ ያዝዛል፤ አስተናጋጅ ትሪ ይዞለት ይመጣል።

አሁን ምጣዶቹን ቀርባችሁ ተመልከቱ። ሊጡ አንዱ ላይ ይፈስሳል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ጋጋሪው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ቀልቷል፤ የተቃጠለ ስኳር ሽታ አፍንጫን ይጠራል። ዋፍሉ እንደ ጨርቅ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ጣት ሳይፈራ ወዲያው ካልጠቀለለው ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ልጠቅልልህ ቢሉት ይሰበራል። የሚጠቀለልበትን ቅጽበት ሰዓት አይነግርም፤ የሚያውቀው የለመደ ጣት ነው።

የጆርጅ ልጅ አልበርት ጣቱ ይህን ያውቅ ነበር። በ2014 እስኪያርፍ ድረስ፣ ሽማግሌ ሆኖም ቢሆን፣ በዚያው አሮጌ መጋገሪያ ለደንበኛ ፊት ለፊት ኮን ይጠቀልል ነበር። ቤቱም ከዘመድ እጅ አልወጣም።

ስንት ሙያ አለ፣ ባለሙያው ሲሞት አብሮ የተቀበረ! ልጆቹ ዕቃውን ይወርሳሉ፤ እጁ ግን ከአባትየው ጋር ይሄዳል። ዱማሮች ጥበቡን እጅ ከእጅ የተቀባበሉት አባትም አጎትም ከምጣዱ ጎን ቆመው ሳሉ ነው። እናንተም ቤት ሙያ ያለው አዛውንት ካለ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ከምጣዱ አጠገብ ቁሙ፤ ገና ትኩስ ነው።