የውጭ ቋንቋ ግዴታና ምደባ (ስድስት ኪሎ)

የውጭ ቋንቋ ግዴታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማንኛውም ተማሪ፣ የመረጠው ሙያ ምንም ይሁን ምን፣ የሚወስደው የቋንቋ ትምህርት ነው፤ ይኸውም በተግባር እንግሊዝኛ ነው። መነሻው በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አመራር የተከፈተው፣ በእንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ተቋሙ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዋና ግቢው አደረገ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛን የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ አጸና።

የፍሬሽማን ዓመት በመሰናዶ ትምህርት ተተክቶ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ፣ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክህሎት አንድና ሁለት ለማኅበራዊም ለተፈጥሮ ሳይንስም ተማሪዎች የጋራ ኮርሶች ሆኑ። ቋንቋን ዋና ሙያው ማድረግ የሚሻ ተማሪ የትምህርት ክፍሎችን በቅደም ተከተል ሞልቶ ያስገባል፤ ፈላጊው ከቦታው ሲበልጥ ምደባውን የሚወስነው ውጤት ነው። የአማካሪ መምህሩ ድርሻ ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ኮርሶች መሟላታቸውን ማየትና ምዝገባውን ማጽደቅ ነው፤ ምክሩ ከምርጫው በፊት ሲሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል።