ፋንደምን ምን እንበለው?

ሆሳዕና ውስጥ ወረቀት የማስባዛበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለፈው ሰሞን መስታወት በሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ፤ ተማሪዎች በእጃቸው የጻፉት ነው። «የሳይንስ ልብ ወለድ አድናቂ ግዛት» ይላል፤ ከሥሩ «ሐሙስ በ11 ሰዓት እንገናኝ» የሚል አለበት። ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ቆሜ ሳነብ አይቶኝ «ጋሼ፣ ይሄ ግዛት ደግሞ የት ነው?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ እኛ ዘንድ ስለ ክልል፣ ስለ ዞንና ስለ ልዩ ወረዳ ሳይወራ ቡና አይጠጣም። ግዛት የሚል ቃል ያየ ሰው መቀመጫው የት እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

«አድናቂ ግዛት» የሚለውን ከዚያ በፊትም በአንድ ፊልም ግርጌ ትርጉም ላይ አይቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በር ላይ ወጥቷል። ሳይለመድ በፊት ልንነጋገርበት ይገባል።

በዚህ የተተረጎመው የእንግሊዝኛው «ፋንደም» ሁለት ቁራጭ ነው። «ፋን» የመጣው «ፋናቲክ» ከሚለው ቃል ነው፤ የዚያም ሥር በላቲን «ፋኑም»፣ ቤተ መቅደስ ማለት ነው። «ደም» የሚለው ቅጥያ «ኪንግደም» ላይ ስለሚገኝ ተርጓሚው ግዛት የሚለውን ከዚያ እንዳነሣው ያስታውቃል። ግን ይኸው ቅጥያ «ፍሪደም» ላይም አለ። እሱን «ነጻ ግዛት» ያለ ሰው የለም፤ ነጻነት አልነው፣ በቃ። ቅጥያ ብቻውን አይተረጎምም፤ ከተሸከመው ቃል ጋር ነው የሚተረጎመው።

ነገሩ ራሱ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። አንድን የድርሰት ዓይነት የሚወዱ ሰዎች ተፈላልገው ሲገናኙ፣ ሲከራከሩ፣ የራሳቸውን መጽሔት ሲያዘጋጁ የሚፈጠረው ኅብረት ነው። በሳይንስ ልብ ወለድ በኩል ከዋና መናኸሪያዎቹ አንዷ ለንደን ናት። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. በታተመው «የዓለማት ጦርነት» ከማርስ የመጡ ፍጡራን የዘመቱባት ከተማ እሷው ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዚህ ድርሰት ወዳጆች ፌተር ሌን በሚባል ጎዳና «ነጭ ፈረስ» በተሰኘ መጠጥ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይሰበሰቡ ነበር። አርተር ሲ. ክላርክ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ቤቱን ስሙን ለወጥ አድርጎ በ1957 ባሳተመው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ አስገብቶታል። በዚያው ዓመት የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አስተናጋጇ ለንደን ሆነች፤ በ1965 እና በ2014ም እንዲሁ። የእኛ ልጆች ሐሙስን የመረጡት ይህን ሰምተው ከሆነ ደስ ይለኛል።

እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ስብስብ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ «ዲስትሪክት 9» የተባለውን የ2009 ፊልም ይይ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ጆሃንስበርግ ላይ ተይዘው በመጠለያ ታጉረው፣ ነዋሪው ውጡልን ሲላቸው ያሳያል። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ልጁን፣ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ያን ፊልም ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሚያወራው ብዙ አለው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ቅርብ ያለው ቲፎዞ ነው፤ ከጣሊያንኛ መጥቶ ከእኛው ጋር አርጅቷል። የጣሊያንኛው ሥር ግን «ቲፎ» የተባለው የትኩሳት በሽታ ነው። ቲፎዞ ሲነሣ ስታዲየምና ጩኸት ትዝ ይለናል እንጂ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይታየንም። ደጋፊም የሚደገፍና የሚሸነፍ ወገን ይፈልጋል፤ አንባቢ ማንን ሊያሸንፍ ነው?

አድናቂ ከበድ ያለ ተፎካካሪ ነው። ሥሩ ድንቅ ነው፤ ይህ ድርሰትም ሰውን ማስደነቅ ዋና ሥራው ነው። በ1926 ኒውዮርክ ላይ የወጣው የዘርፉ የመጀመሪያ መጽሔት እንኳ «አስደናቂ ታሪኮች» ነበር ስሙ። ስለዚህ አድናቂን የሚመርጡትን እረዳቸዋለሁ። የማልቀበለው በአንድ ምክንያት ነው። አድናቂ ከሩቅ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ነው፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ፣ አድናቂው ከታች። ለንደን ላይ ግን አንባቢና ደራሲ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ነበር የሚቀመጡት፤ የዛሬው አንባቢ የነገው ደራሲ ነበር። ክላርክም ከአንባቢነት ነው የተነሣው።

የእኔ ምርጫ ወዳጅ ነው። ወደደ ካለው ግሥ የወጣ ነው፤ ወዳጅነት ደግሞ የሁለት ወገን ነገር ነው፣ ብቻውን ወዳጅ የሚሆን የለም። ወዳጅ ውሽማንም ይጠራል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ የማነሣው ቃል ከፊቱ ሲገባ ግን ያ ትርጉም ይቀራል።

እሱም ቤተ ነው። አማርኛ ሰዎችን በአንድነት መጥራት ሲፈልግ ቤት ውስጥ ያስገባቸዋል። ቤተሰብ እንላለን፤ ቤተ ክህነት፣ ቤተ ዘመድ እንላለን። ሽማግሌዎቹ የባልና ሚስት ጠብ የሚሸመግሉት የቤተ ዘመድ ጉባኤ ተብለው ነው። ዘመድ ነጠላ ሆኖ ሳለ ቤተ ሲቀድመው ዘመዱን ሁሉ ያቅፋል። ታዲያ ቤተ ወዳጅ ብንል ምን ይጎድለዋል? ወዳጅ ዘመድ አብረው የሚጠሩ ቃላት ናቸውና ጆሮ አይቆረቁርም። ሕንፃ ይመስላል የሚል ካለ፣ ቤተሰብ ሲባል ግድግዳና ጣራ ታይቶት እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። የላቲኑም ሥር ቤተ መቅደስ መሆኑ ለእኔ ተጨማሪ ደስታ ነው፤ ቤቱ ከመጀመሪያውም እዚያ ነበረ።

የውጭ ቃል አይግባ እያልኩ አይደለም። በዓሎቹን ያሆዴን ያሆዴ፣ መሳላን መሳላ፣ ምግቡን አታካናን አታካና ብለን ነው በአማርኛ የምናወራው፤ ነገሩ ከነስሙ የመጣ ስለሆነ። ፋንደም ፋንደም ተብሎ ቢቀርም አልሞትም። የምቃወመው አማርኛ ልብስ ለብሶ አማርኛ ያልሆነውን ነው፤ «አድናቂ ግዛት» እያንዳንዱ ቃሉ የእኛ ነው፣ ሐሳቡን ግን አማርኛ ተናጋሪ አያገኘውም።

አዲስ ቃል እንደሚጸድቅ ደግሞ ማስረጃው ራሱ ማስታወቂያው ላይ አለ። ልብ ወለድ የምንለው ቃል የተስፋፋው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ ቃል መዋስ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አማርኛ ልብን የማሰቢያ ቦታ እንደሚያደርግ፣ «ልብ በል» እንደሚል ያውቃሉ፤ ልብ የወለደው አሉት። ባሕር ማዶ የታተመ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬ የፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በነገራችን ላይ ይህን ዘርፍ «ሳይንስ ወለድ» ለማለት ከሚቃጣቸው ጋር አልስማማም፤ ውሃ ወለድ፣ ምግብ ወለድ ሲባል የምንሰማው በሽታን ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ደህና ነው፣ ይኑር።

አነጋገሩም ይቀላል። «የለንደን ቤተ ወዳጅ ሐሙስ ይሰበሰባል» ይባላል። «ቤተሰብ ነን» እንደምንለው «ቤተ ወዳጅ ነን» ማለትም ይቻላል። ይህን ለኮፒ ቤቱ ልጅ ነገርኩት። ማስታወቂያውን ደግሞ አነበበው፤ «እሱ ከሆነ ቦታው አይጠየቅም፤ ማን ማን አለበት ነው የሚባለው» አለኝ።