ኦካፒና የኔስ ሐይቅ አውሬ

በኮንጎ አገር በኢቱሪ ደን የሚኖሩ አዳኞች፥ እግሩ እንደ ሜዳ አህያ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው እንስሳ በደናቸው መኖሩን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር። የኤውሮፓ ሊቃውንት ግን ነገሩን የተቀበሉት፥ ሰር ሃሪ ጆንስተን ቆዳውንና የራስ ቅሉን ወደ ለንደን ከላኩ በኋላ፥ በ1901 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ኦካፒ የተባለው ይህ እንስሳ የቀጭኔ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

የአዳኞቹ ቃል ያለ አጥንት አልታመነም፤ ይህም ለዕውቀት የሚገባ ጥንቃቄ ነው እንበል። ታዲያ በ1934 አንድ የለንደን ጋዜጣ፥ በእስኮትላንድ ከኔስ ሐይቅ አንገቱን ያወጣ አውሬ ነው ብሎ ፎቶግራፍ ባተመ ጊዜ፥ ይህ ጥንቃቄ ወዴት ሄደ? ፎቶግራፉን ያነሡት የተከበሩ ሐኪም ናቸው ስለ ተባለ፥ ብዙ ሰው አጥንት ሳይጠይቅ አመነ። አንገቱ በአሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ሐሰተኛ ነገር መሆኑ የተገለጠው ስድሳ ዓመት ቈይቶ፥ በ1994 ነው። ሐኪሙም በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።