ሥዕልና ማደሪያው
(በሬዲዮ ከተነገረው)



የሥዕል ማሳያ ቤት በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው በአውሮፓ ከተሞች እንዳለው ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። ነገር ግን ራስ ጉግሣ በቈረቈሯት በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ ምእመኑ ያለ ዋጋ ሥዕል የሚያይበት ቤት ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ይኸውም ክቡ ቤተ ክርስቲያን ነው። እርግጥ ሥዕሉ የተሠራው ለጸሎት እንጂ ለትርኢት አይደለም፤ ቢሆንም የቤቱ አሠራር ብዙ ያስተምራል።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ በውጭ ቅኔ ማኅሌት፥ ቀጥሎ ቅድስት፥ በመካከል መቅደስ። ሥዕሉ የሚበዛው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ ይለጠፋል። በደጃፉ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰውም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል። በጣና ደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በዚሁ አኳኋን ይታያሉ።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ፀሐይዋ ትበረታለች፥ ክረምቷም ይከብዳል። ወደ ውጭ የተዘረጋው የጣራ ክፈፍ ግድግዳውን ከሁለቱም ይከልለዋል፤ ብርሃኑም በውጭው ክፍል በሮችና መስኮቶች አልፎ፥ ለስልሶ ነው ሥዕሉ ዘንድ የሚደርሰው። በዚህ ላይ መጋረጃ ይታከላል። ዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች በመሣሪያ እየለኩ የሚደክሙበትን ነገር፥ አናጢና ካህን በክዳንና በመጋረጃ ፈጽመውት ነበር። የጧፍና የዕጣን ጢስ ሥዕሉን ማጥቈሩ ግን አይካድም።

በሸማ የተሣለ ሥዕል ደግሞ ሊነሣ ይችላል። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጐንደር የገባው፥ ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ ጓድ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወሰደ፤ በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሠራቸውን ግልባጮች አኖረ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚያ የሚቆም ሰው ሥዕሉን ያያል እንጂ፥ ሥዕሉ የከበበውን መቅደስ አያይም።

እንግዲህ በደብረ ታቦር ትንሽ የማሳያ ቤት ይሠራ የተባለ እንደ ሆነ፥ የግሪዮል ውል ተገልብጦ ይፈጸም፤ ዋናው በቤተ ክርስቲያኑ ይቈይ፥ ግልባጩና የወጣት ሠዓልያን ሥራ ወደ ማሳያው ይምጣ። ቤቱ ትልቅ መሆን አያሻውም፤ ሰው እየዞረ የሚያይበት አንድ ክብ ክፍል፥ ሰፊ ክፈፍ፥ ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ይበቃዋል። መግቢያው ያለ ክፍያ ይሁን ከተባለም፥ ከመስታወትና ከቀለም አስቀድሞ በበጀቱ ሊገባ የሚገባው ቍልፉን የሚይዘው ሰው ደመወዝ ነው።