ኔቫዳ፦ ትንሽ ግዛት፣ ትልቅ ድምፅ

ላስ ቬጋስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ካዚኖና መብራት ነው። ለብዙ ሐበሾች ግን ታክሲ የሚነዱባት፣ ሆቴል የሚሠሩባት፣ ልጅ የሚያሳድጉባት ከተማ ናት። ከተማዋ ያለችባት ኔቫዳ ደግሞ በአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ስሟ ከሕዝቧ ቁጥር በላይ ይነሳል። ለምን? እስቲ ከመነሻው እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምርጫ የተጣደፈች ግዛት

ጊዜው 1864 ነው፤ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች። አብርሃም ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ የሚወዳደርበት ምርጫ ኖቬምበር 8 ነው። ኔቫዳ ግዛት የሆነችው ኦክቶበር 31፣ ማለትም 8 ቀን ሲቀረው! ጊዜ ስላልነበረ ሕገ መንግሥቷ ከ16 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ በቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ተላከ። ክፍያው ብቻ ከ4,300 ዶላር በላይ ነበር።

"ያጣደፏት ለብር ማዕድኗ ነው" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ማዕድኑ ግን ድሮም በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ባለ መሬት ላይ ነበር። የተፈለገው ድምፅ ነው። ሊንከን 212 ለ 21 ስላሸነፈ ለምርጫው ኔቫዳ ሳታስፈልገው ቀረች። ባርነትን የሻረው 13ኛው ማሻሻያ በ1865 ወደ ምክር ቤት ሲመጣ ግን 119 ለ 56 በጠባብ ልዩነት አለፈ፤ የኔቫዳ ተወካይም "አዎ" ካሉት አንዱ ነበር።

አሸናፊውን የማትስት

ከ1912 እስከ 2012 በተደረጉት 26 ምርጫዎች ኔቫዳ አሸናፊውን የሳተችው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1976 ጂሚ ካርተር ሲያሸንፍ እሷ ፎርድን መረጠች። በ2016 ሂላሪ ክሊንተንን መርጣ እንደገና ሳተች። በ2020 ባይደንን፣ በ2024 ትራምፕን መርጣ ተመለሰች።

ሁሉም ያልቆጠረው 4 ድምፅ

የ2000ውን ምርጫ ስናነሳ የሚታወሰው ፍሎሪዳና 537 ድምፅ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ቡሽ 271፣ ጎር 266 ኤሌክቶራል ድምፅ አገኙ። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ኔቫዳ ያኔ 4 ነበራት፤ ለቡሽ ሰጠች። ለጎር ብትሰጥ ኖሮ ቡሽ 267፣ ጎር 270! ፍሎሪዳ ሳትነካ ፕሬዝዳንቱ ጎር ይሆን ነበር። በኔቫዳ የነበረው ልዩነት ደግሞ 22 ሺህ ድምፅ እንኳ አይሞላም።

አሁን እንዴት ይሠራል?

ኔቫዳ ዛሬ 6 ኤሌክቶራል ድምፅ አላት። በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ስድስቱንም ይጠቀልላል። ከ10 ነዋሪ 7 ያህሉ ላስ ቬጋስ ባለችበት ክላርክ ካውንቲ ስለሚኖር ተወዳዳሪዎች እዚያ ይመላለሳሉ።

አንድ የሚገርም ነገር አላት፦ ከ1976 ጀምሮ በድምፅ መስጫው ላይ "ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም" የሚል ምርጫ አለ። ግን እሱ ቢበልጥም ወንበሩን የሚይዘው ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠው ነው።

ቆጠራውስ ለምን ይዘገያል? ብዙ ሰው በፖስታ ስለሚመርጥ ነው። በ2020 ምርጫው ማክሰኞ ሆኖ የኔቫዳ አሸናፊ የታወቀው ቅዳሜ ነበር። ልዩነቱ 33,596 ድምፅ።

ሐበሻውን ምን ይመለከተዋል?

ክላርክ ካውንቲ በ2023 ለ"ሊትል ኢትዮጵያ" ይፋዊ እውቅና ሰጥቷል። ማኅበረሰቡ ትልቅ ነው፣ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ግን ልብ በሉ፦ መምረጥ የሚችለው ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ዜግነት ያገኘ ሰው ግን ኔቫዳ ውስጥ በምርጫው ቀን እንኳ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል።

ቬጋስ ዘመድ ያላችሁ ይህችን ላኩላቸው። "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?" ካሉ የ2000ውን ሒሳብ አሳዩዋቸው።